አሮጌው ሆቴል ምን አደረጋችሁ?

ወደ ገደለው እንግባ። ባለፈው ዊኬንድ ሐረር ነበርን። አምስት ሆነን ሄድን፣ ግንቡን ዞርን፣ ጅብ አበላን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተመለስን። እሑድ ከሰዓት ወደ ድሬዳዋ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ ከመሀላችን አንዱ የጉዞውን ማጠቃለያ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ከተማዋስ ነፍስ ናት። እነዚያ አሮጌ ሆቴሎቿ ግን ፈርሰው በምትካቸው አንድ ደህና ባለ መስታወት ፎቅ ቢቆም እኮ…»

ሁላችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አወዳይን አልፈን ሐረማያ ሐይቅ ዳር ስንደርስ፣ እስከዚያ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ የነበረችው ጓደኛችን ዞር አለችና «ሆቴሉ ቢፈርስ ውሃው ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። መልስ ያለው ሰው ጠፋ። ድሬዳዋ ስንገባ ክርክሩ ጦፎ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስም ተከትሎን መጣ። ይኼ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

አቋማችንን ከፊት እናስቀምጥ። አሮጌ ሆቴል አሮጌ ስለሆነ ብቻ ሊፈርስ አይገባውም። የምናማርርበትን አብዛኛውን ነገር ያመጣው ዕድሜ ሳይሆን አለመጠገን ነው። እኛ ዊኬንደኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሦስቱንም በየተራ እናስረዳለን፤ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

የዊኬንደኛ ፕሮግራም

የአዲስ አበባ ልጅ ሐረር ሲሄድ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ያለቀ ነው። ዓርብ በአውሮፕላን ድሬዳዋ መውረድ። በደንገጎ ጠመዝማዛ መውጣት። ቅዳሜ ጠዋት ቀለም በተቀባው የጀጎል ግድግዳ ሥር ፎቶ። በመኪና ግርግር ሰፈር፣ የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር ከኋላ አድርጎ፣ ሌላ ፎቶ። ራምቦ ቤት በር ላይ ሌላ ፎቶ። ማታ ጅብ ጋ፣ ስጋውን በእንጨት ይዞ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ የመጨረሻው ፎቶ። እሑድ እስከ እኩለ ቀን መኝታ፤ ከዚያ ጉዞ ወደ ቤት። «ሐረርን አየናት» ይባላል።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ አንዋሽም። ግን ልብ በሉልን፦ በዚህ ሁሉ ፕሮግራም ውስጥ ከተማዋ ከኛ ያገኘችው ምንድን ነው? ሦስት ሺህ ተኩል ሜትር ገደማ የሚረዝመው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ከተሠራ ጀምሮ ቆሟል። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ የሹዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. ተከትሎ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ የቆመው ሰው ስለሚኖርበት ነው። እኛ ደግሞ ፎቶውን አንሥተን ሄድን። ለአድናቆት የሚከፈል ነገር የለም። ለአዳር ግን ይከፈላል።

የሚመለከተው አካል

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ አሮጌ ሆቴል ነው። ስሙን አንጠራም፤ ጠባችን ከአንድ ሆቴል ጋር አይደለም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ በረንዳው እንደ ሠርግ ቤት የተንጣለለ ነበር። ቁልፉ የተንጠለጠለበት እንጨት ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ይዞ መጥፋት ዘበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ዓይነት በረንዳ ስንት እንደሚከፈል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ውሃ ግን የለም። ቧንቧው ሲከፈት እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍሳል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ሪሴፕሽን ወረድን። ጡረታ የደረሱ የሚመስሉ ሰውዬ ተቀምጠዋል።

«አባታችን፣ ውሃ የለም እኮ።»

«አቦ ልጆች፣ ታድያ ባልዲ ልላክላችሁ?»

«ለምንድን ነው ግን የማይመጣው?»

«ታንከሩ ተበስቷል። ይጠገን ብለን ከጻፍን ቆየን።»

«ለማን ጻፋችሁ?»

«ለሚመለከተው አካል።»

ጎበዝ፣ ይቺን መልስ ያዙልን። ሌሊቱን ያለ ሻወር ያሳደረን አሮጌነት አልነበረም። የተበሳ ታንከር ነው። ታንከር ደግሞ በአዲስ ፎቅ ላይም ይበሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ገና ቀለሙ ያልደረቀ አፓርታማ ተከራይታችሁ በጄሪካን የምትታጠቡ አንባቢዎቻችን ይህን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ አዲሱ ሲበላሽ «ይጠገን» እንላለን፤ አሮጌው ሲበላሽ «ይፍረስ» እንላለን። አንድ ዓይነት ጥፋት፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ።

ውሃዋ የት ሄደች?

እዚህ ላይ «ታንከሩ ቢጠገንስ፣ ከተማው ራሱ ውሃ መቼ አለው?» የሚል ይኖራል። አለ፤ እኛም ጠይቀናል። የጓደኛችን ጥያቄ ሐረማያ ዳር የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐረር ለብዙ ዓመታት ትጠጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ከተማዋ ብቻ አይደለችም፤ ሐረማያም፣ አወዳይም፣ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያው ይቀዱ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬም ጫቱንና አትክልቱን በዚያው ውሃ ያጠጣ ነበር። ሁሉም እየሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርም እየሞላው፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐይቅ ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም እኮ! ሰው ጀልባ የነዳበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራበት። ከዚያ በኋላ ለሐረር ውሃ የተፈለገው ከታች፣ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከከርሰ ምድር ነው፤ በፓምፕ እየተገፋ ተራራውን ሽቅብ ይወጣል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ሐረር ጄሪካኗን ታሰልፋለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውሃ ተመልሶበታል፤ እኛም በመስኮት አይተነዋል፤ ደስም ብሎናል። የተመለሰው ግን እንደገና ላለመጥፋቱ ዋስትና የለውም።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ከአሮጌው ሆቴል ቦታ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቢቆም ምን ይሆናል? ክፍሎቹ ይበዛሉ። በየክፍሉ ሻወር ይኖራል። ልብስ ማጠቢያ ይኖራል፤ ምናልባትም መዋኛ ገንዳ። ውሃው ግን ያው ከታች በፓምፕ የሚወጣው ውሃ ነው። ፎቁ ጠንካራ ፓምፕና ትልቅ ታንከር ገዝቶ ለራሱ ይስባል፤ ጎረቤቱ ይጠብቃል። «ደህና ሆቴል» ያልነው ነገር የኛን ሻወር ከሰፈሩ ጄሪካን ላይ የሚቀንስ እንዳይሆን እንሰጋለን። ስለዚህ ለጓደኛችን ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ አይመጣም። ሆቴሉ ቢፈርስ ውሃው አይመጣም።

ባለቤት ያጣ ቤት

ወደ «የሚመለከተው አካል» እንመለስ። ማን ነው እሱ? ይህን ለማወቅ ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን፣ ሆቴሎችንም ጨምሮ፣ ወረሰ። በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን አንክድም። ቤቱን ግን ማን ይጠግነው? የቀድሞው ባለቤት ቤቱ የሱ አይደለም። ተከራዩ ነገ ይውጣ ይቆይ አያውቅም። ቀበሌው የሚሰበስባት ኪራይ አንድ የበር መዝጊያ አትገዛም። ጀጎል ውስጥ ዛሬም ግማሹ ፈርሶ ግማሹ በቆርቆሮ የተደገፈ ቤት ስታዩ «አሮጌ ስለሆነ ነው» አትበሉ። አጠገቡ ያለው፣ የዚያው ዘመን ቤት፣ ባለቤቱ በየዓመቱ ኖራ እየቀባ ስለኖረበት እንደ ሙሽራ ቆሟል። ዕድሜያቸው እኩል ነው። የሚለያዩት በባለቤት ነው።

ሆቴሎቹም ታሪካቸው ይኸው ነው። ኋላ በፕራይቬታይዜሽን ብዙዎቹ ወደ ግል ዞሩ። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ብዙ ገዢ ዓይኑን የጣለው በሕንጻው ላይ ሳይሆን በቦታው ላይ ነው። ቦታውን የፈለገ ሰው ታንከር አይጠግንም። ለምን ይጠግናል? ሕንጻው ይበልጥ በተጎሳቆለ ቁጥር «ይፍረስ» የሚለው ሰው ይበዛለታል። እኛ ደግሞ በሚኒባስ ውስጥ ራሳችንን እየነቀነቅን በነጻ እናግዘዋለን። አይ እኛ!

ሐረርን ያዳናት ተራራ

አንድ ነገር እንጨምር፤ ድሬዳዋዎች እንዳትቀየሙን። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲገባ ነበር። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ተራራው ለሐዲድ ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሜዳው ላይ ደረሰና እዚያው ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላም ድሬዳዋ። ንግዱ ቁልቁል ወረደ። ገንዘቡም ተከተለው።

ሐረር ተጎዳች። ግን በዚያው ጉዳት ተረፈች። ገንዘብ ያለበት ከተማ በየትውልዱ ራሱን አፍርሶ ይሠራል፤ ገንዘብ የሸሸው ከተማ ግንቡንም፣ መስጊዱንም፣ ጠባብ መንገዱንም ይዞ ይቆያል። አሁን ግን ገንዘቡ ሽቅብ መውጣት ጀምሯል። ይውጣ፤ ደስ ይለናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ድህነት ያላፈረሰውን ቤት፣ ገንዘብ ሲመጣ ለምን ያፈርሰዋል?

ያላደረበት ቤት

የራምቦ ቤት ነገር አስቆናልም አሳዝኖናልም። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በቡናና በቆዳ ንግድ ሐረር ሲመላለስ ኖረ፤ በ1891 እግሩ ታሞ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በማርሴይ ሞተ። በስሙ የሚጠራው፣ ባለ ፎቁና ባለ ቀለም መስታወቱ ቤት ግን የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሰውዬው አንድም ሌሊት አላደረበትም።

አትሳሳቱ፤ ቤቱ ቆንጆ ነው፤ ተጠግኖ ሙዚየም መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ለኛ ምስክራችን ነው። አሮጌ ቤት ምክንያት ከተገኘለት ይጠገናል፤ ምክንያቱ የሌላ ሰው ስም ቢሆን እንኳ! ከዚያ ራቅ ሳይል በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው የአብደላ ሸሪፍ ሙዚየምም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ከግል ቤቱ ጀምሮ የሰበሰበው ቅርስ፣ የእጅ ጽሑፉ፣ ሳንቲሙ፣ ጎራዴው፣ ሸክላው፣ ለአሮጌ ቤት አዲስ ሥራ ሰጠው። ታድያ ራምቦ ያላደረበትን ቤት በስሙ ጠብቀን፣ ሰው በየሌሊቱ የሚያድርበትን ሆቴል እናፍርስ?

ሁለተኛው ሌሊት

ሁለተኛውን ሌሊት ጀጎል ውስጥ ያደርነው በእውቀት አይደለም፤ በኩርፊያ ነው። ሻወር ፍለጋ ወጥተን ነው እንግዳ የሚቀበል የአደሬ ቤት ያገኘነው። ጊዲር ጋሩ ውስጥ ስንገባ ድምፃችን በራሱ ቀነሰ። ወለሉ ቀይ፣ መቀመጫው በደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ ነደባ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰፌድና ሳህን። ማን የት እንደሚቀመጥ ነደባው ራሱ ይናገራል፤ የቤቱ ጌታ ቦታ አለው፣ የአዋቂ ቦታ አለው፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ቦታ አለው። እኛ የት እንደምንቀመጥ ሳናውቅ ቆመን ቀረን፤ የቤቱ እናት ሳቁብንና በእጃቸው አሳዩን።

ውሃስ? ውሃ እዚያም ሃያ አራት ሰዓት አይመጣም። ግን በርሜሉ ሞልቷል፤ ክዳን አለው፤ ጽዱ ነው። «ሲመጣ እንሞላለን፣ ሲሄድ እንቀዳለን» አሉን። ሻወሩ ትንሽ፣ ግን የሚሠራ፤ ከግቢው ጥግ ላይ ቤቱን ሳይነካ የተሠራ። ሆቴሉ ለሚመለከተው አካል የጻፈውን ደብዳቤ እሳቸው በበርሜል ፈትተውታል። የሚመለከታቸው አካል እሳቸው ናቸዋ!

የከፈልነው ከሆቴሉ ብዙም የራቀ አልነበረም። ጠዋት ቁርሱን ይዘው ሲገቡ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ጠየቅናቸው። ሳያመነቱ ወደ ላይ ጠቆሙ፦ «ጣሪያው ላይ። ክረምት መጣ እኮ።»

«ታድያ እናንተ ኑሩበት!»

ይህን ስንል የሚመጣብንን መልስ እናውቀዋለን። «እናንተ ሁለት ሌሊት አድራችሁ የምትመለሱ ሰዎች፣ ሰው ዕድሜውን በጭቃ ቤት እንዲኖር ትፈልጋላችሁ። ለናንተ ውበት፣ ለሱ ፍሳሽ።» ከባድ ክስ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ተጨናንቆ በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀም «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ማለት ጭካኔ ነው። እንደዚያ የሚል ካለ እኛም እንቃወመዋለን።

ግን ምርጫው ጭቃ ወይም መስታወት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ ላይ ይሠራል፤ ግንብ አይፈርስበትም። ጣሪያ ይታደሳል። ግድግዳ በኖራ ይለሰናል፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ድንጋዩና ጭቃው እርጥበቱን ማስወጣት አቅቶት ከውስጥ እንደሚበሰብስ የሠፈሩ ግንበኛ ያውቀዋል። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥን ይከለክላል። ሕጉ የጎደለው ነገር ቢኖር፣ አትንኩ ያለውን ሰው መጠገኛውን አለመስጠቱ ነው። «አትንኩ» ብሎ ዝም ማለትና «ይፍረስ» ማለት መጨረሻቸው አንድ ነው፤ አንዱ በክረምት ያፈርሳል፣ ሌላው በዶዘር።

ዶዘር ካነሣን አይቀር፣ ስለ ፒያሳ ሳንናገር አናልፍም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ሄደን ፎቶ አነሣን፤ በወጣትነታችን የተቀጣጠርንባቸውን በሮች ቆጠርን፤ አለቀስን። ከዚያ በፊት ግን ስንቶቻችን ነን እነዚያን ቤቶች «ሸተቱ፣ አረጁ» ስንል የኖርነው? በአንጻሩ ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ፦ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በላው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሕንጻ ነበር፤ «አበቃለት» ተብሎ ነበር። ተጠገነ፤ እንግዳም ተቀበለ። እሳት ያልገደለውን እኛ በወሬ እንዳንገድለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለሆቴል ባለቤቶች፦ ታንከሩን ጠግኑ። ቀልዳችንን አይደለም። አሮጌ ሆቴል ከአዲሱ የሚበልጥበት በረንዳ፣ ጣሪያ፣ መስኮትና ታሪክ አለው፤ የሚያንሰው በውሃ፣ በፍራሽና በአምፖል ነው። ሦስቱም ከፎቅ ይረክሳሉ።

ለሚመለከተው አካል (ማንም ሁን ማን)፦ ከቤት ባለቤቱ ላይ «አትንኩ» ብቻ አትበል፤ ኖራውን፣ ባለሙያውንና ብድሩን አምጣ። የሐረማያንም ነገር አደራ። ሐይቁ ሁለት ጊዜ ከደረቀ የሐረር ሆቴል አሮጌም ሆነ አዲስ ለውጥ የለውም።

ለራሳችን፦ ሐረር ስትሄዱ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ አንዱን ጀጎል ውስጥ፣ አንዱን በአሮጌ ሆቴል። ውሃ ሲጠፋ ተቆጡ፤ ግን በታንከሩ ተቆጡ እንጂ በግድግዳው አትቆጡ። በከተማው ሳትመገቡ፣ ቡናውን ሳትጠጡ፣ ጅቡን ብቻ አብልታችሁ አትመለሱ። ጅቡ ያለኛም አይራብም፤ ሐረሮች ለአሹራ በዓል ገንፎ ሠርተው የሚያስተናግዱት እንግዳ ነው። የሚራበው ጣሪያው ነው።

በሚኒባሱ ውስጥ «ይፍረስ» ያለው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ አብሮን ጽፏል። ሙሉ በሙሉ አልተረታም፤ «ሻወር ካለው እስማማለሁ» ብሏል። እኛም ከዚህ በላይ አልጠየቅንም።

ቸር እንሰንብት።